አራት ራስ፣ ሰባት ጠዋት፦ በውድ የባሕር ዳርቻ ሪዞርት የቤተሰብ ቁርስ ወጪን መቆጣጠር

የሪዞርት ቁርስ የሚያስደነግጠው የአንዱ ሰው ዋጋ ሲታይ አይደለም፤ በቤተሰቡ ራስ ቁጥርና በጠዋቶቹ ብዛት ሲባዛ ነው። ምሳ በቀላል ነገር ሊታለፍ፣ እራት አንድ ቀን ሊቀል ይችላል። ቁርስ ግን ልጆች ባሉበት ቤተሰብ በየጠዋቱ ይመጣል፣ ያውም በሰዓቱ። ሪዞርቱ ደሴት ላይ ወይም ከከተማ ርቆ ከሆነ ደግሞ ወጣ ብሎ ሌላ ቦታ መብላት የለም፤ ሻጩ አንድ ነው፣ ዋጋውንም የሚቆርጠው እሱው ነው። ስለዚህ የወጪው ትልቁ ክፍል የሚወሰነው ገበታው ላይ ሳይሆን ክፍሉ በተያዘበት ቀን ነው። ገበታው ላይ የሚድነው ትንሹ ነው። እሱም ቢሆን ይጠቅማል፣ ቅደም ተከተሉ ግን እንዳይገለበጥ።

መጀመሪያ ጠዋቶቹን ይቁጠሩ

ቁርስ የሚቆጠረው በሌሊት እንጂ በቀን አይደለም። ሰባት ሌሊት የሚያድር ቤተሰብ ሰባት ቁርስ አለው፦ የገቡበት ቀን ቁርስ አይያዝም፣ የሚወጡበት ቀን ግን ይያዛል። ከሰባቱ ላይ የማያስፈልጉትን ይቀንሱ። ጎሕ ሳይቀድ በጀልባ ወይም በአውሮፕላን የሚወጡበት ጠዋት አንድ ነው። ምግብ የሚያካትትና በማለዳ የሚነሣ የባሕር ላይ ጉዞ ካለ ሁለት ሆነ። እኩለ ሌሊት አልፎ ከገቡም በማግስቱ ቤተሰቡ እስከ ረፋድ ሊተኛና ቡፌው ሊያመልጠው ስለሚችል ያቺን ጠዋት «አጠራጣሪ» ብለው ይያዟት።

ወደ ምዕራብ ብዙ ሰዓት በርረው ለመጡ ቤተሰቦች ነገሩ ይገለበጣል። ልጆቹ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ገና ጨለማ ሳለ ይነሣሉ፣ ይራባሉም፤ ቡፌው እስኪከፈት ግን ሁለትና ሦስት ሰዓት ሊቀር ይችላል። በመሆኑም ቁርስ የተካተተበትን ዋጋ ቢከፍሉም ክፍል ውስጥ የሚቀመስ ነገር መኖሩ ግድ ነው። ያ ነገር ከሪዞርቱ ሱቅ በችኮላ ከተገዛ ደግሞ የቁርስን ያህል ያስከፍላል።

ዋጋው ውስጥ ያለውና የሌለው

«ሩም ኦንሊ» የሚለው ክፍሉን ብቻ ነው። «ቤድ ኤንድ ብሬክፋስት» ቁርስን ይጨምራል፤ «ሃፍ ቦርድ» ቁርስና አንድ ሌላ ምግብ፣ አብዛኛውን ጊዜ እራት ነው፤ «ፉል ቦርድ» ሦስቱንም፣ «ኦል ኢንክሉሲቭ» መጠጥን ጭምር ይይዛል። አንዳንድ ሆቴሎች በሌላ ስም ይጠሯቸዋል፦ «ዩሮፒያን ፕላን» ክፍል ብቻ፣ «ኮንቲኔንታል ፕላን» ከቁርስ ጋር፣ «አሜሪካን ፕላን» ከሦስት ምግብ ጋር ነው። «አሜሪካን ፕላን» እና «አሜሪካን ብሬክፋስት» ግን አይገናኙም። ሁለተኛው እንቁላልና ሌላ ትኩስ ነገር ያለበት አንድ ሳህን ቁርስ ነው። «ኮንቲኔንታል ብሬክፋስት» ደግሞ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ማርማላታና ትኩስ መጠጥ ነው፤ እንቁላል የሚወድ ልጅ ይዞ ይህን የገዛ ወላጅ በየጠዋቱ ተጨማሪ ማዘዙ አይቀርም።

ቤተሰብን የሚጎዳው ዋናው ወጥመድ ግን ስሙ ላይ አይደለም። «ቁርስን ያካትታል» የሚለው ዋጋ በአብዛኛው ለሁለት አዋቂ የተሠራ ነው። አራት ሰው ብለው መዝግበው፣ ክፍሉ አራት ሰው እንደሚይዝ ተረጋግጦም፣ የልጆቹ ቁርስ ጠዋት ጠዋት ለብቻው ሲመዘገብ ይገኛል። ሪዞርቱ አላጭበረበረም፤ ጥቃቅን ፊደል ላይ ጽፎታል። የቦታ ማስያዣ ድረ ገጾች ይህን ዝርዝር አሳጥረው ስለሚያቀርቡ የሪዞርቱን የራሱን ገጽ ከፍቶ ማነጻጸር ይገባል።

የልጆች ዕድሜም ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዱ እስከ 5 ዓመት በነጻ፣ ከ6 እስከ 11 በግማሽ ዋጋ ይላል፤ ሌላው 12 ዓመት የሞላውን እንደ አዋቂ ይቆጥራል፤ ሌላው ደግሞ ጨርሶ ቅናሽ የለውም። የሚታየው ዕድሜ ክፍሉ በተያዘበት ቀን ያለው ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በመግቢያው ቀን ያለው ነው። በመካከሉ ልደቱ የሚውል ልጅ ካለ ቀኑን ከመቁረጥዎ በፊት ይህን ያስቡበት። «ልጆች በነጻ ይመገባሉ» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩም ሁለት ነገር ይፈልጉ፦ ከልጆች ዝርዝር ብቻ ነው ወይ? ለአንድ ከፋይ አዋቂ አንድ ልጅ ብቻ ነው ወይ?

ከዋጋው ጎን ሁለት የመደመር ምልክት ካለ የአገልግሎት ክፍያና ታክስ ገና አልተጨመሩም ማለት ነው። ብዙ ቦታ ታክሱ የሚሰላው በአገልግሎት ክፍያው ላይ ጭምር ነው። ለምሳሌ አገልግሎቱ 10 በመቶ፣ ታክሱ 12 በመቶ ቢሆን ጭማሪው 22 በመቶ አይደለም፤ 1.10 በ1.12 ተባዝቶ 1.232 ይመጣል፣ ማለትም 23.2 በመቶ። ጭማሪው ለአንድ ሰው ትንሽ ይመስላል፣ ለአራት ሰው በሰባት ጠዋት ግን ከአንድ ጠዋት የቤተሰብ ቁርስ በላይ ይበላል።

ቁርስ በቀጥታ ከመስጠት ይልቅ በየቀኑ የተወሰነ ገንዘብ በሂሳቡ ላይ የሚይዙ ሪዞርቶችም አሉ። ይህ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ለክፍል እንጂ ለሰው አይቆጠርም፣ ያልተጠቀሙበት ወደ ነገ አይተላለፍም፣ ታክስንና ጉርሻን ላይሸፍንም ይችላል። እንዲህ ያለ ገንዘብ ለቡፌ ሳይሆን ከዝርዝር ተመርጦ ለሚታዘዝ ምግብ ቢውል ይሻላል። ለቡፌ ካዋሉት የአንድ ሰው ዋጋ ሸፍኖ ያልቃል።

የሆቴል አባልነት (ደጋግሞ የሚያርፍ ደንበኛ በደረጃ ጥቅም የሚያገኝበት ፕሮግራም) ያለው ሰው ደግሞ ጥቅሙ ስንት ሰው እንደሚይዝ ማየት አለበት። በሃያት የግሎባሊስት ደረጃ ቁርሱ በአንድ ክፍል ለሁለት አዋቂና ለሁለት ልጆች ነው። በሂልተን የጎልድ ደረጃ ለአባሉና አብሮት በዚያው ክፍል ለተመዘገበ አንድ ሰው ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ባሉ አብዛኞቹ ሆቴሎቹም ከ2021 ጀምሮ በዕለታዊ የምግብ ገንዘብ ተተክቷል። ለባልና ሚስት ሁለቱም ያው ነው፣ ልጆች ላሉት ግን ልዩነቱ ግማሽ በግማሽ ነው። ሁለት ጎን ለጎን ክፍል ለሚይዙ ቤተሰቦች ደግሞ አንድ ቀላል ዘዴ አለ፦ በየክፍሉ አንድ አዋቂና አንድ ልጅ ማስመዝገብ። ዋጋው ለሁለት ሰው ቁርስ የሚይዝ ከሆነ ልጁ በሁለተኛ ሰውነት ይገባል። ወላጆች አንድ ክፍል፣ ልጆች ሌላ ክፍል ተብሎ ከተመዘገበ ግን ይህ ሊበላሽ ይችላል።

ስሌቱ፦ ጥቅሉን መግዛት ወይስ በየቀኑ መክፈል?

ገንዘቡ የየትም አገር ይሁን፣ የአንድ አዋቂ ቡፌ 100 ነው እንበል። ሁለት አዋቂ፣ በግማሽ ዋጋ የሚገባ የ9 ዓመት ልጅና በነጻ የሚገባ የ4 ዓመት ልጅ አሉ። በአንድ ጠዋት 250 ይመጣል። ከላይ ያየነው 23.2 በመቶ ሲጨመር 308 ይሆናል። ሰባቱም ጠዋት በር ላይ ቢከፈል 2156 ነው።

አሁን ክፍል ብቻ በሚለውና ቁርስ ባለው ዋጋ (ማለትም በጥቅሉ) መካከል ያለው ልዩነት፣ ታክሱን ጨምሮ፣ በሌሊት 120 ነው እንበል። እሱ ሁለቱን አዋቂ ይሸፍናል። የ9 ዓመቱ ልጅ 50 ከነታክሱ 61.6 ስለሚመጣ በቀን 181.6፣ በሰባት ቀን 1271 ገደማ ይሆናል። በር ላይ ከመክፈል 885 ያህል ይቀንሳል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው «በቃ ጥቅሉ ይሻላል» ብሎ ያቆማል።

ማቆም ግን አይገባም፤ ሦስተኛ መንገድ አለ። አንዳንዱን ጠዋት ክፍል ውስጥ ቀለል ያለ ቁርስ ይበላል። ያ ለመላው ቤተሰብ በቀን 30 ቢፈጅ፣ ሦስት ጠዋት ቡፌ 924፣ አራት ጠዋት ክፍል ውስጥ 120፣ በድምሩ 1044 ነው። ከጥቅሉ ያነሰ። ቡፌው አራት ጠዋት ከሆነ ግን 1232 እና 90 ተደምሮ 1322 ይደርሳል፤ ያኔ ጥቅሉ ይረክሳል።

ይህንን ለራስዎ ቁጥር ለማውጣት ሁለት መቀነስና አንድ ማካፈል ይበቃል። ከጥቅሉ አጠቃላይ ዋጋ ላይ ሁሉም ጠዋት ክፍል ውስጥ ቢበላ የሚፈጀውን ይቀንሱ። ውጤቱን የአንድ ጠዋት ቡፌ ከአንድ ጠዋት የክፍል ቁርስ በሚበልጥበት መጠን ያካፍሉት። እዚህ 1061 ለ278 ሲካፈል 3.8 ይመጣል፦ እስከ ሦስት ጠዋት ብቻ ቡፌ የሚገቡ ከሆነ በየጊዜው ይክፈሉ፣ ከአራት ጀምሮ ጥቅሉን ይግዙ። የሚሳሳቱት ብዙዎቹ መሐል ላይ የሚዋልሉት ናቸው፦ ጥቅሉን ከፍለው ግማሹን ጠዋት የሚተኙ፣ ወይም ሳይገዙ ቀርተው በየጠዋቱ «ዛሬ ብቻ» እያሉ ቡፌ የሚገቡ።

አንድ ማሰናከያ አለ። ብዙ ሪዞርቶች የምግብ ጥቅል የሚሸጡት በክፍሉ ላለ ሰው ሁሉና ለቆይታው ሌሊት ሁሉ ነው። ለሁለት ሰው ብቻ ወይም ለአራት ጠዋት ብቻ አይሸጡም። የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ከመግባትዎ በፊት አስቀድሞ የሚከፈለው ዋጋ በር ላይ ከሚከፈለው ማነሱ የተለመደ ነው።

በጽሑፍ የሚጠየቅ

ክፍሉን ከመክፈልዎ በፊት ለሪዞርቱ ቦታ ማስያዣ ክፍል በኢሜይል ይጻፉ። በስልክ የተባለ ነገር ሪሴፕሽን ላይ ምስክር አይሆንም። የልጆቹን ዕድሜ በመግቢያው ቀን ጽፈው እነዚህን ያስመልሱ፦ በዚህ ዋጋ የስንት ሰው ቁርስ ተካቷል? ለእያንዳንዱ ልጅ በጠዋት ስንት ይከፈላል፣ ታክስና አገልግሎት ተጨምሮ? ቡፌ ነው ወይስ ከዝርዝር የሚታዘዝ? በስንት ሰዓት ይከፈታል፣ ይዘጋል? በማለዳ ለምንወጣበት ቀን ቁርስ በሣጥን ይዘጋጃል? ክፍሉ ውስጥ የውሃ ማፍያና ባዶ ፍሪጅ አለ? ምግብ ከውጭ ማስገባት ይፈቀዳል?

መልሱን አትመው ወይም ስልክዎ ላይ ምስሉን ይዘው ይሂዱ። «ልጆች እንኳን ደህና መጡ» የሚል መልስ መልስ አይደለም፤ ቁጥር እስኪሰጥዎ ድረስ ደግመው ይጠይቁ።

ክፍል ውስጥ የሚበላው ቁርስ

ገንዘብ የሚተርፈው እዚህ ነው፣ የሚበላሸውም እዚህ ነው።

መሠረቱ ሙቅ ውሃ ብቻ የሚፈልግ ምግብ ነው። ተዳምጦ የሳሳ፣ ፈጥኖ የሚበስል አጃ ከሁሉም ይመቻል። ለአዋቂ 50 ግራም፣ ለትንሽ ልጅ 30 ግራም ይያዙ። በ50 ግራሙ ላይ 200 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ አፍስሰው ከድነው 5 ደቂቃ ይተዉት። ተፈርክሶ ብቻ የመጣው ወፍራሙ አጃ በዚህ አይበስልም፤ ድስት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሲገዙ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የማብሰያ ደቂቃ ይዩ። ባለ ሙሉ ስብ የዱቄት ወተት ለአንድ ሊትር 125 ግራም ገደማ ይገባል። ለአራት ሰው በቀን 600 ሚሊ ሊትር ቢበቃ 75 ግራም ነው። ዘቢብ ወይም ሌላ የደረቀ ፍራፍሬ በሰው 20 ግራም። ለአራት ጠዋት ሲደመር አጃ 640፣ የዱቄት ወተት 300፣ የደረቀ ፍራፍሬ 320 ግራም፣ ሁሉም አንድ ኪሎ ከሩብ ገደማ ነው። ሻንጣ ላይ የሚከብድ አይደለም። ሙዝ፣ ዳቦና የለውዝ ቅቤ ከተጨመረ ልጅም አዋቂም እስከ ምሳ ያቆያል። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ያልተፈጨ ለውዝ ስለሚያንቅ አይስጡ፤ ማርም ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሆንም።

ከቤት ከመነሣትዎ በፊት አጃውንና ወተቱን በአንድ ከረጢት መቀላቀል ብልሃት ይመስላል፤ አይደለም። ብዙ አገሮች ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከውጭ እንዲገባ አይፈቅዱም። የአውሮፓ ኅብረት ከአባላቱ ውጭ የሚመጣውን የመንገደኛ ወተትና ሥጋ ይከለክላል፤ የሕፃናት የዱቄት ወተትን በተወሰነ መጠን ይፈቅዳል። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ከሁሉም ይጠብቃሉ፣ ፍሬ ይዞ ሳያሳውቅ የተገኘውንም ይቀጣሉ። ሁሉም በየራሱ ማሸጊያ፣ ምን እንደሆነ ተጽፎበት፣ ሳይከፈት ይጓዝ፤ የተከለከለውን እዚያው ይግዙ። የለውዝ ቅቤና ማርማላታ በእጅ ሻንጣ ከተያዙ በብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠሩ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆኑ ይወረሳሉ። ወደሚጫነው ሻንጣ ይግቡ፣ ትንሿ ቢላም እንዲሁ። ክዳን ያላቸው አራት የፕላስቲክ ሳህኖችና አራት ማንኪያ ይጨምሩ። ክፍል ውስጥ የሚገኘው ሁለት ስኒ ብቻ ነው፤ ሳህን ከሬስቶራንት ማዘዝም በአንዳንድ ቦታ የማድረሻ ክፍያ ያስከትላል።

የውሃ ማፍያው ለውሃ ብቻ ነው። ወተት ቢፈላበት ሥሩ ያርራል፣ ሽታው አይለቅም፤ እንቁላል መቀቀል፣ ፓስታ ማፍላትም የጉዳት ክፍያ ያመጣል። ሲገቡ አንድ ሙሉ ውሃ አፍልተው ይድፉት፣ ከእርስዎ በፊት ማን ምን እንዳደረገበት አይታወቅምና። የቧንቧው ውሃ የማይጠጣ ከሆነ የታሸገ ውሃ ያፍሉ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ወይም የሩዝ ማብሰያ ይዞ መሄድን ይተዉት፤ አብዛኞቹ ሪዞርቶች ይከለክላሉ፣ የጭስ ጠቋሚው ከጮኸ ደግሞ የቆጠቡት ሁሉ በአንድ ጠዋት ይሄዳል።

ፍሪጁ ሌላ ጉዳይ ነው። ሚኒባሮች (በሆቴል ክፍል የሚቀመጡ ትንንሽ የመጠጥ ፍሪጆች) አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ እንዳይኖራቸው ያለ ኮምፕረሰር፣ ማለትም የቤት ፍሪጅ ያለው ዓይነት ሞተር ሳይኖራቸው፣ የሚሠሩ ስለሆኑ በሞቃት ቦታ በደካማው ያቀዘቅዛሉ። ወተትና እርጎ በደኅና የሚቀመጡት ከ5 ዲግሪ በታች ነው። ትንሽ ቴርሞሜትር ይዘው አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነክረው ሌሊቱን ፍሪጁ ውስጥ ያሳድሩት። ጠዋት 8 ወይም 10 ዲግሪ ካነበበ ለፍራፍሬና ለመጠጥ ብቻ ይጠቀሙበት። ወተቱን በ200 ሚሊ ሊትር ፓኬት የታሸገውን፣ ሳይከፈት ከፍሪጅ ውጭ የሚቆየውን ዓይነት ይግዙና አንዱን ከፍተው እዚያው ይጨርሱት። በብዙ ክፍሎች ደግሞ የበሩ ካርድ ከግድግዳው ሲነቀል መብራቱ ሁሉ ይጠፋል፣ አንዳንዴ ፍሪጁም አብሮ። ከባሕር ሲመለሱ ወተቱ ለብ ብሎ የሚገኘው በዚህ ነው። ሁለተኛ ካርድ መጠየቅ ይበቃል።

ሚኒባሩ በሪዞርቱ ሸቀጥ የተሞላ ከሆነ በገዛ እጅዎ አያውጡት። አንዳንዶቹ ጠቋሚ ስላላቸው ጠርሙሱ ከቦታው ከተነሣ እንደተሸጠ ይመዘገባል፤ ቢመልሱትም ሂሳቡ ላይ ሊወጣ ይችላል። የክፍል ጽዳት ሠራተኞችን ጠርተው እንዲያስወጡልዎ ያድርጉ። መድኃኒት ማቀዝቀዝ የሚያስፈልገው ሰው ካለ ለብቻው ፍሪጅ በነጻ የሚሰጡ ብዙ ናቸው።

የባሕር አየር እርጥበት የተከፈተ የዱቄት ወተትን ያጓጉላል፣ የተከፈተ ዘቢብም ጉንዳን ይጠራል። የተከፈተውን ሁሉ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ያስገቡ፣ ሰገነት ላይም ምንም አያሳድሩ።

የቡፌው ቀን

ቡፌ የሚገቡበት ጠዋት ለሁለት ምግብ የሚሆን ጠዋት ነው። ብዙ ሪዞርቶች ከረፋዱ 4:00 እስከ 4:30 ባለው ጊዜ ይዘጋሉ። ሊዘጋ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲቀረው ይግቡ። ከዚያ ካረፈዱ ሳህኖቹ እየተነሡ፣ የሚሞላውም እየቀነሰ ይሄዳል፤ ቀድመው ከገቡ ደግሞ ምሳ ሰዓት ላይ ልጆቹ ዳግም ይራባሉ። በዚህ ሰዓት የበላ ቤተሰብ ምሳውን ከሰዓት በኋላ በፍራፍሬና በዳቦ ያልፈዋል። የቡፌው ትክክለኛ ትርፍ ያ ያልተገዛው ምሳ ነው። ሁለት ሦስት ሳህን መደራረብ ትርፍ አይደለም።

ልጆቹ እስከዚያ በረሃብ እንዳያስቸግሩዎ ሲነሡ ግማሽ ሙዝ ይስጧቸው። ብስኩት ጠግቦ ቡፌ የገባ ልጅ በከፈሉበት ገበታ ላይ ጭማቂ ብቻ ጠጥቶ ይወጣል። ሲገቡም ክፍል ውስጥ የማይገኘውን ያስቀድሙ፦ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እርጎ፣ የተቆራረጠ ትኩስ ፍራፍሬ። አጃና የደረቀ ዳቦ ለሌላ ጠዋት አለልዎ።

ቡፌው ውስጥም የማይካተት ነገር ይኖራል። በእጅ የተጨመቀ ጭማቂ፣ ከማሽን የሚወጣ ልዩ ቡና፣ ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ የታሸገ ውሃ ለብቻው ሊያስከፍል ይችላል። ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት አስተናጋጁን «ይሄ ከቁርሱ ጋር ነው?» ማለት ነውር የለውም።

አንድ ሰው ቡፌ ከፍሎ ሌሎቹ ከሳህኑ እንዲቀምሱ ማድረግ አይሠራም። አስተናጋጆቹ ራስ ይቆጥራሉ፣ ከታየም ለሁሉም ይመዘገባል። ትንሽ የሚበላ ልጅ ካለ በሕጋዊው መንገድ ይሂዱ፦ ከመቀመጥዎ በፊት ከዝርዝር ማዘዝ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። ሁለት እንቁላልና ሁለት ቁራጭ ዳቦ ያለበት አንድ ሳህን፣ ከተጨማሪ ባዶ ሳህን ጋር፣ ለሁለት ትንንሽ ልጆች ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ከሁለት ግማሽ ቡፌም ሊረክስ ይችላል። በእጅ ተይዛ የምትወጣ አንዲት ሙዝ በአብዛኛው ችላ ትባላለች። ቦርሳ መሙላት ግን የቤቱን ደንብ መጣስ ነው፣ ለጤናም አይሆንም፦ እንቁላል፣ ሥጋና የወተት ነገር ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለባቸውም። ባሕር ዳርቻ ላይ በቦርሳ ውስጥ ያ አንድ ሰዓት ሳይታወቅ ያልፋል።

ሩም ሰርቪስን (ምግብ ክፍል ድረስ ማስመጣትን) ለቁርስ አያስቡት። ከምግቡ ዋጋ በተጨማሪ የማድረሻ ክፍያ፣ የአገልግሎት ክፍያና አንዳንዴ ለጉርሻ የተተወ ባዶ መስመር ይከተላሉ። ልጅ ታሞ ክፍል ከዋለ ግን ሪሴፕሽን ይደውሉ። ቁርሱ በተካተተበት ዋጋ ላይ ያለ ሰው ሳህኑ እንዲላክለት ቢጠይቅ የማድረሻውን ብቻ የሚያስከፍሉ፣ ጨርሶ የሚተዉም አሉ።

ሂሳቡን በየሁለት ቀኑ

ቁርስ ላይ የሚፈረመው ወረቀት ዋጋው ተካቶ ቢሆንም ይመጣል። ቁጥሩ ዜሮ መሆኑን፣ የሰው ብዛቱም ትክክል መሆኑን ሳያዩ አይፈርሙ። የሚደጋገሙት ስሕተቶች ጥቂት ናቸው፦ ልጅ በአዋቂ ዋጋ መመዝገቡ፣ በጥቅሉ የተከፈለ ቁርስ እንደገና በር ላይ እንደተከፈለ መቆጠሩ፣ የጎረቤት ክፍል ሂሳብ መግባቱ፣ አገልግሎቱ ተጨምሮ ሳለ ጉርሻ በድጋሚ መጻፉ። አብዛኛው ስሕተት ተንኮል አይደለም፤ የጠዋቱ አስተናጋጅ የእርስዎን የዋጋ ዓይነት ስለማያውቅ ነው። በሁለተኛው ቀን ማታ ሪሴፕሽን ላይ እስካሁን የተመዘገበውን ያሳትሙ። በሁለት ቀን የተገኘ ስሕተት በአምስት ደቂቃ ይስተካከላል፣ በመውጫው ጠዋት ጀልባው እየጠበቀ የተገኘ ግን ብዙ ጊዜ ይከፈላል።

በካርድ ሲከፍሉ ማሽኑ በአገርዎ ገንዘብ ወይስ በአካባቢው ገንዘብ ብሎ ከጠየቀ የአካባቢውን ይምረጡ። በአገርዎ ገንዘብ ሲሆን ምንዛሬውን የሚቆርጠው የሻጩ ወገን ነው፣ የራሱን ጭማሪም ያስገባበታል።

የመጨረሻው ጠዋት ቁርስ የከፈሉበት ከሆነና ቡፌው ሳይከፈት የሚወጡ ከሆነ በዋዜማው፣ ከምሽቱ በፊት፣ የሣጥን ቁርሱን ያዝዙ። ለስንት ሰው እንደሆነ፣ ልጆቹ የማይበሉት ምን እንደሆነ ይንገሩ፤ ካልነገሩ ለሁለት አዋቂ የተዘጋጀ ሣጥን ይመጣል። ፈሳሹን ጭማቂና እርጎ ወደቡ ላይ ይጨርሱት፣ በብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች ፍተሻ አያልፍም።